በከተማው ምክር ቤት ፊት ለተራቡት ዋስ የሆኑት የአቶ ብዙነህ ተክለ ሃይማኖት ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከአቀስታ፣ ከአጅባርና ከከላላ በእግርም በበቅሎም የደረሳችሁ ሁሉ፣ የእህታቸው ልጅ የሆንሁትን እኔን አስፋውን ቤተ ሰቡ የአጎቴን ታሪክ እንዳነብ አዞኛልና ጥቂት ታግሣችሁ ስሙኝ።

አቶ ብዙነህ ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ሃይማኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታዬ ይመር በ1906 ዓመተ ምሕረት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ የደጋ መንደር ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ አባታቸው በዜማው ሊያስከትሏቸው ቢሞክሩም፣ ድምፃቸው እንቢ ስላላቸው መሪጌታ እያዘኑ አሰናበቷቸው፤ እሳቸውም ይህን ባወሩ ቁጥር ሰው ሁሉ እስኪስቅ ድረስ ያንኑ ዜማ አበላሽተው ያሰሙን ነበር። ወደ ደሴ ወርደው ከአንድ የወፍጮ ባለቤት ዘንድ ተቀጥረው የሞተር ሥራ ከለመዱ በኋላ፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመካነ ሰላም ወፍጮ ተከሉ። የአጅባሯን ተወላጅ ወይዘሮ አስቻለችንም በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሸዋረግን፣ ብርሀንነሽንና አሻግሬን ወለዱ።

ነገር ሲካረር ዝም ብለው አዳምጠው በመጨረሻ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ስለነበሩ፣ የከተማው ሕዝብ የምክር ቤት አባል አድርጎ መረጣቸው። በዚያም ስለ ምንጭ መጥረግ፣ ስለ ገበያው ቦታ፣ ስለ ከተማው ዘበኞች ሲመክሩ ዓመታት አለፉ።

በ1966 ዓመተ ምሕረት ግን ሌላ ምክር መጣ። ዝናብ ከድቷቸው ከቆላው የወጡ ወገኖች ልጆቻቸውን አዝለው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ሰፈሩ። ተስቦ ይገባል፣ ሱቅ ይዘረፋል የሚል ፍርሃት ከተማውን ስለያዘው ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። የእህል ነጋዴው አቶ በላይ ተነሥተው፣ «እኛም ልጆች አሉን፤ ከተማው እስኪዘረፍ ቁጭ ብለን ልናይ ነው? በፖሊስ ተሸኝተው ወደየመጡበት ይመለሱ» አሉ። ብዙዎችም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ አጎቴ ቆመው፣ «የመጡበት አገር እህል ቢኖር መቼ ይመጡ ነበር? ተስቦውን ከፈራችሁ በሽተኛውን ከጤነኛው እንለያለን። ሌብነቱን ከፈራችሁ ዋሳቸው እኔ ነኝ፤ ከእነሱ አንዱ ከማናችሁም ደጃፍ አንዲት ነገር ቢያነሣ የምታሰረው እኔ ልሁን» አሉ። ዋስትናቸውም ተቀባይነት አገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳስ አስጥለው፣ የታመሙትን ለብቻ አስተኝተው፣ ሰፋሪዎቹ ከራሳቸው መካከል ዘበኛ እንዲመርጡ አድርገው፣ በቤታቸው የነበረውን እህል እያስፈጩ ገንፎ ያድሉ ጀመር። እናቷ በዚያ ሜዳ ያረፈችባትን ሕፃን ዘይነባንም ወደ ቤታቸው አምጥተው፣ የእናቷን ሃይማኖት እንደያዘች ከልጆቻቸው ጋር አሳደጓት።

ሰንብቶ ከአቶ በላይ ጎተራ አንድ ስልቻ ስንዴ ጠፋ። አጎቴን ማንም ሳይጠራቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱና፣ «ቃሌን ልፈጽም መጥቻለሁ» አሉ። የጣቢያው አዛዥ በአዘኔታ፣ «ኧረ አቶ ብዙነህ፣ ለመግባባት የተባለ ነገር ነው፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ቢሏቸው፣ «ዛሬ እኔ ቃሌን ካጠፍሁ ነገ እነዚያን ሰዎች ማን ያምናቸዋል?» ብለው ገብተው ተቀመጡ።

በማግሥቱ የሆነውን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ቆሞ መሄድ የሚችለው ሰፋሪ ሁሉ፣ በምርኩዝም በሰው ትከሻም ተደግፎ መጥቶ ከጣቢያው ደጅ መሬት ላይ ተቀመጠ።  ከመካከላቸው ፈንታሁን የተባለ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ስልቻውን አቅፎ ተነሣና፣ «የወሰድሁት እኔ ነኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነበር። ጋሼን ፍቱልኝ፣ እኔን እሰሩኝ» አለ። ሊከሱ የመጡት አቶ በላይ ያን ሰው ቀርበው አዩት። ከዚያ በጎደለው ስልቻ ላይ የራሳቸውን ነጠላ ደርበው አሳቀፉትና፣ «ክስ የለኝም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በዚያው ቀን ጎተራቸውን ከፈቱ። እኛ የቆምነው ሁሉ ኮፍያችንን አወለቅን።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ አቶ ብዙነህ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ሆነው ተመረጡ። አቶ በላይ እህል ደብቀው ሕዝብ አስጨርሰዋል ተብለው በስብሰባ ላይ በቆሙ ጊዜ፣ አጎቴ ለምስክርነት ተጠሩ። «ይባረሩ ማለታቸው እውነት ነው፤ ጎተራቸውን መክፈታቸውም እውነት ነው። አንዱን ትቼ ሌላውን አልመሰክርም» አሉ። ያ ጊዜ ለተከሳሽ መናገር አንገትን የሚያስከፍልበት ጊዜ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አቶ በላይ በነጻ ተለቀቁ፤ ዛሬም ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመዋል።

አቶ ብዙነህ በደረት ሕመም በደሴ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ በጠየቁት መሠረት በቤተ ሰባቸው መካከል ሳሉ በጥቅምት ወር 1971 ዓመተ ምሕረት በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቻለችን፣ ልጆቻቸውን ሸዋረግን፣ ብርሀንነሽን፣ አሻግሬንና ዘይነባን ትተው አልፈዋል። የተረፉትን ዘመዶቻቸውን ሁሉ በስም ጠርቼ ልጨርስ አስቤ ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ ጠዋት ከቆላው መንገድ የማናውቃቸው ሰዎች እያለቀሱ ሲወጡ፣ «የማን ወገን ናችሁ?» ብንላቸው፣ «የእሳቸው» ብለው ብቻ አለፉን።

የተራበውን የሚያይ አምላክ ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።