በአዋላጇ መኪና ውስጥ ስለተገኘው ድብቅ ሣጥን

ምስክር፦ በሰፈሩ «ጋሽ ብየዳ» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ የመኪና አካል በያጅ የነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ ከአሮጌው ጋራዥ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡40፣ የጣቢያው ምርመራ ክፍል

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ነው። ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ አዋላጇ መታሰሯን ነገረችኝ። በመኪናዋ የኋላ ወንበር ጀርባ ድብቅ ሣጥን ተገኝቶ «ክፈቺ» ብትባል «መኖሩንም አላውቅም» ማለቷን፣ ፖሊስም እንዳላመናት አስረዳችኝ። መኪናው ግራጫ ሆኖ የግራ የኋላ በሩ ብቻ ደመቅ ያለ መሆኑን ስትነግረኝ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ያንን በር የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሣጥኑንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

የሠራሁት ከ12 ዓመት በፊት ለአንድ ወርቅ ሠሪ ነው። ሰውየው ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለሚሠራ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተዘርፏል። «ሌባ የማያየው ቦታ ሥራልኝ» አለኝ፤ ሠራሁለት። በዚያን ጊዜ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ከ9 ዓመት በፊት በግል መኪና ላይ ድብቅ ሣጥን መሥራትም ሆነ እያወቁ ይዞ መንዳት የሚያስቀጣው ሕግ ሲወጣ፣ ማስታወቂያውን ጋራዡ በር ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራልኝ ብሎ የመጣውን ሁሉ መልሻለሁ። ከመለስኳቸው አንዱ የገዛ ወንድሜ ሲሆን እስከ ዛሬ እንዳኮረፈኝ ነው። ወርቅ ሠሪው የዛሬ አራት ዓመት ሞቶ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። መኪናው ከዚያ በኋላ በማን በማን እጅ እንዳለፈ አላውቅም።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 መርማሪው ግቢ ውስጥ ወደቆመው መኪና ወሰዱኝ። ሁለት ባለሙያዎች ሞክረው ሣጥኑን መክፈት እንዳቃታቸው ነገሩኝ። እኔ የብየዳ ነጥብ የምመታው ሦስት ሦስት አድርጌ ስለሆነ የእጄን ሥራ ወዲያው ለየሁት። መርማሪው ቁልፉን አዙረው ፍሬን እንዲረግጡ ጠየቅኋቸው። እኔ የግራውን የኋላ በር ከፍቼ የመስኮቱን መስታወት ማውጫ ለጥቂት ጊዜ ተጭኜ ስይዝ የወንበሩ ጀርባ ተከፈተ። ውስጡ ወርቁ እንዳይንኳኳ ብዬ ያነጠፍኩት ጋዜጣ ብቻ ነበር። የጋዜጣው ቀን ሕጉ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት ይቀድማል። ላዩን የሸፈነውን አቧራ ማንም አልነካውም።

መርማሪው «ይህ ቃል በራስዎ ላይ ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማውቅ፣ ባለቤቴም ምናልባት ካሳደሩህ ብላ ሹራብ እንዳስያዘችኝ ገለጽኩ። «እጄ የሠራውን አፌ አይክድም። እሷ ግን በማታውቀው ነገር አትጠየቅ» ብዬ መለስኩ።

ወደዚህ ክፍል ስገባ አዋላጇ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በፊት ተነጋግረን አናውቅም። «አባባ፣ እርስዎንም ያዙዎት?» አለችኝ።

«የለም ልጄ፣ መጥቼ ነው» አልኳት።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ያልኩት ሁሉ ሳይጨመር ሳይቀነስ መስፈሩን አረጋግጫለሁ። እውነት ስለሆነ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ አዋላጇ ከጠዋቱ 5፡15 ተለቀዋል። ሣጥኑን በአሥር ቀን ውስጥ ከመኪናው እንዲያስነሱ ታዘው፣ ሥራውን ለምስክሩ ሰጥተዋል።