ፔዳሉም እንደ በሬ ይጠመድ

ሰው አለማወቁ አያናድደኝም፤ አለማወቁን ጨዋነት ብሎ ሲጠራው ግን ደሜ ይፈላል። በዚያን ቀን ማለዳ በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የቡሬን ሚኒባስ ስጠብቅ ይህ ነገር ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት ሰዎች፣ በሁለት መልክ እንደሚገጥመኝ አላሰብሁም ነበር።

ረዳቱ አንድ ቀጭን የእሽቅድድም ብስክሌት ጣራ ላይ ሊጭን ይታገላል። ከታች አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ «ቀስ በል እንጅ! ነዶ መሰለህ የምትወረውረው?» እያሉ ይቈጡታል። ቀረብ ስል አያ ቢሆነኝ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በሬ በማወቅ የሚስተካከላቸው የለም። በገበያ ቀን በሬ የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ነው የሚዞረው። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ሠርክአዲስ ናት፤ እኔው ያስተማርኋት፣ አሁን በከተማው የብስክሌት ቡድን ውስጥ የምትጋልብ።

«ደህና አደሩ፣ አያ ቢሆነኝ? ወዴት ነው በማለዳ?»

«እግዜር ይመስገን፣ መምህር። ቡሬ ነው። የብስክሌት እርካብ ልናይ ነው።» ጣታቸውን ወደ ልጅቱ ቀሰሩ። «ልናይ ነው እንጅ ልንገዛ አይደለም። ይሰማልኝ!»

እርካብ ያሉት ፔዳሉን ነው። በኋለኛው ወንበር ሦስታችን ተጣበን ከተቀመጥን በኋላ ነገሩን ሠርክአዲስ አስረዳችኝ። ፔዳሉ ጉልበት የሚለካ ነው፤ ጋላቢው በቀኝና በግራ እግሩ ምን ያህል እንደሚረግጥ ለስልኩ ይነግረዋል። አዲሱ እንደሷ ላለ ሰው የሚታሰብ አይደለም፤ ቡሬ አብዱሰመድ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ግን ያገለገለ አለው። አምና ለትልቁ ክለብ ምርጫ ስትዘጋጅ ከመጠን በላይ ደክማ ግራ ጉልበቷ አብጦ፣ የምርጫውን ውድድር ከመንገድ ዳር ቆማ ነው ያየችው። ዘንድሮ ምርጫው ደርሷል። አሰልጣኟም፣ «ይህ ጉልበት ሁለተኛ ካበጠ ብስክሌቱን እርሽው» ብሏታል።

«ጊደሬን ሸጫለሁ» አሉ አያ ቢሆነኝ። «ገንዘቡ ከጋቢዬ ጫፍ ተቋጥሯል፤ ልቤ ግን አብሮ አልተቋጠረም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ጉልበት ይለካል? ጉልበት የእግዜር ነው። አውድማ ላይ ምርቱ ስንት ሆነ አይባልም፤ ከተባለ በረከቱ ይነሣል። ከብት አይቈጠርም። ልጆችዎ ስንት ናቸው ሲሉን እንኳ፣ እግዜር የሰጠን ያህል ነው የምንል። የልጄን ጉልበት በስልክ ጽፈው ላገር ዓይን ሲያሰጡት ዝም ልበል?»

«ይቅርታዎን፣ አያ ቢሆነኝ። ጤፍ ለነጋዴ ሲሸጡ ሚዛኑን አያዩም?»

«አያለሁ እንጅ! ጣቱን ጣል ቢያደርግበትስ?»

«ታዲያ የተለካው ጤፍ በረከቱ ተነሣ?»

«የሸጥሁትማ የሰው ነው! ቢነሣም ለገዥው።»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ለሰው ሲሆን የሚለካ፣ ለራስ ሲሆን የማይለካ!» አልሁ፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። «ይህ እምነት ነው ወይስ ስንፍና? ቤተ ክርስቲያን ጾሙን በቀን ትቈጥራለች፤ በዓሉን በባሕረ ሐሳብ ትቀምራለች። መለካት በረከት የሚነሣ ቢሆን ይህን ሁሉ ሊቃውንቱ ለምን ደከሙበት?»

«ቀስ ይበሉ፣ መምህር። ሚኒባሱ የርስዎ ብቻ አይደለም።»

ይህን ያሉት በትሕትና ነው፤ ተሳፋሪው ግን በኔ ላይ ሳቀ። ሽማግሌው ድል የቀመሰ ሰው ይመስል ተደላድለው ቀጠሉ። «እኔ በሬዬን ሚዛን ላይ ሳላወጣ ዕድሜዬን ሙሉ አርሻለሁ። ትንፋሹ ሲያጥር፣ ጆሮው ሲወድቅ፣ እግሩን ሲጎትት ቀንበሩን እፈታለሁ። ማን ለካልኝ? ዓይኔ!»

ይህ ብርቱ ነገር ነበር፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች ከሚናገሩት ይልቅ ብርቱ። መልስ ስፈልግ፣ እስከ ማንኩሳ ድረስ በመስኮት ውጭውን ስታይ የቆየችው ሠርክአዲስ ዞር አለች።

«አባዬ፣ በሬው መድከሙን የሚያውቀው ማን ነው? በሬው ነው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ ነኛ! በሬ ምን ያውቃል? ጎበዝ በሬ እስኪወድቅ ይስባል።»

«ብስክሌቱ ላይ ስሆን ግን በሬውም እኔ ነኝ፣ አራሹም እኔ ነኝ። ከኋላዬ ሄዶ ትንፋሼን የሚያይልኝ የለም። ጎበዝ ልባል ስል እስክወድቅ እስባለሁ። አምና ወደቅሁ። አሁን ልገዛ የምሄደው ቀንበሩን ፍችው የሚለኝን ዓይን ነው።»

አያ ቢሆነኝ የልጃቸውን ግራ ጉልበት አዩት፤ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ይመስል።

«ይህን አምና ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ቆይተው።

«ጎበዝ በርቺ እያሉ ሲመርቁኝ፣ አመመኝ ማለት አፈርሁ።»

ቡሬ ልንገባ ስንል ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጠበቁ። «ይሁን። ዓይን ነው ካልሽ፣ ዓይኑ የታመመ እንዳይሆን ደግሞ እናያለን።»

እኔ ለሌላ ጉዳይ ነበር ቡሬ የወረድሁት፤ ነገር የጀመረ ሰው ግን መጨረሻውን ሳያይ አይሄድም ብዬ ተከተልኋቸው።

አብዱሰመድ ፈገግታው የማይጠፋ፣ ደንበኛ አክባሪ ነጋዴ ነው። ፔዳሎቹን ከንጹሕ ጨርቅ ፈትቶ አወጣ። «ይመልከቱ አባቴ፣ ጫፋቸው እንኳ አልተጫረም። ከጨዋ ልጅ የገዛሁት ነው። ከቀትር በኋላ ከባሕር ዳር ሌላ ፈላጊ ይመጣል፤ እናንተ ቀድማችኋልና ለእናንተ ይሁን ብዬ ነው።»

ሠርክአዲስ ፔዳሎቹን ብስክሌቷ ላይ አሰረች፤ ስልኳን ከፈተች። በእጇ ጫን ስትለው ቍጥሩ ብቅ አለ። ፊቷ በራ። «ይሠራል አባዬ! ይሠራል!»

«ይሠራልማ። ቆሟል ተብሎ በሬ አይገዛም። ይጠመድ።»

የአብዱሰመድ ፈገግታ ቀዘቀዘ። «አባቴ፣ ቃሌን ተጠራጠሩት እንዴ? ስንት ዘመን በዚህ ገበያ ስሠራ አንድ ሰው ተከዳሁ ብሎኝ አያውቅም።»

«አንተን ማን ጠረጠረህ? እርካቡን ነው የጠረጠርሁ። ጉልበት ይለካል አላችሁኝ፤ እንግዲያ ክብደቱ የታወቀ ነገር ስጡትና ይናገር።»

ሠርክአዲስ የአባቷን ጋቢ ሳብ አደረገች። «አባዬ፣ በናትዎ! ሰውየው ምን ይለናል? ያሳፍራል።»

«መለኪያውን መለካት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ስል ጠየቅኋት።

አቀረቀረች። «ይቻላል። አሰልጣኙ አሳይቶኛል። ፔዳሉ ወደ ፊት አግድም ሲቆም የታወቀ ክብደት ይንጠለጠልበታል። ግን እኮ መምህር፣ እንዲህ በአክብሮት ተቀብሎን...»

ይኸው! ከአንድ ሰዓት በፊት የአባቷን አጉል ልማድ በአንድ ቃል የረታች ልጅ፣ በራሷ አጉል ልማድ ተረታ ቆመች። «ሠርክአዲስ!» አልኋት፤ ቍጣዬን ለመሸሸግ አልሞከርሁም። «አባትሽ በረከት ይነሣል ብለው መለካት ፈሩ። አንች ደግሞ ሰው ምን ይላል ብለሽ ፈራሽ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የአባትሽ ፍርሃት ቢያንስ እግዚአብሔርን ነው፤ ያንች የሱቅ ነጋዴን ነው! በዚህ ይሉኝታ ስንቱ የተሰነጠቀ ድስት፣ ስንቱ የሞተ ባትሪ፣ ስንቱ ያረጀ መድኃኒት ቤታችን ገባ? እውነተኛ ነጋዴ ዕቃው ሲፈተን አይሰደብም፤ ይመሰከርለታል እንጂ።»

አብዱሰመድ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወጣና ከጎረቤቱ የእህል መደብር ሁለት አሥር አሥር ኪሎ የሚዛን ብረቶች ተሸክሞ መጣ። በኩርፊያ አስቀመጣቸው። «በሉ፣ ጥመዱት!»

አንዱን ብረት በጠፍር አስረው መጀመሪያ ከቀኙ ፔዳል አንጠለጠሉት። ስልኩ አሥር አለ። አብዱሰመድ፣ «አዩ፣ መምህር?» ብሎ ደረቱን ነፋ። ያንኑ ብረት ወደ ግራው አዛወሩት። ዘጠኝ።

አብዱሰመድ ራሱ አውርዶ ደግሞ ሰቀለው። ዘጠኝ። ነጋዴው በጨርቁ ላቡን ጠረገ። «ወላሂ አላውቅም ነበር፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ። አንተም ሳትጠምደው ነዋ የገዛኸው» አሉ አያ ቢሆነኝ፤ በድምፃቸው ቂም አልነበረም። «ይህ ነገር እንዳለ ቢገባ ምን ያደርጋታል?»

ሠርክአዲስ ፊቷ ገርጥቷል። «ግራ እግርሽ ሰነፍ ነው ይለኛል። እኔም ግራውን ላጠነክር ስል... የታመመውን ጉልበት እንደገና እጎዳዋለሁ።»

አያ ቢሆነኝ ልጃቸውን አዩ፤ የጋቢያቸውን ቋጠሮም ዳሰሱ። ተነሥተን እንሄዳለን ብዬ ስጠብቅ፣ «ሁለተኛውንም ጨምሩበት» አሉ። ሁለቱ ብረቶች በአንድነት ሲንጠለጠሉ ግራው ዐሥራ ስምንት አለ።

«እንግዲህ ይሰማልኝ» አሉ ሽማግሌው፣ እንደ ዳኛ ቆመው። «ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚያጎድል ሚዛን ይቃናል። ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ የሚል ነው ሌባ። ይህ ሌባ አይደለም፤ ጠማማ ነው። ይቃናል ወይ?»

ይቃና ኖሯል። ስልኩ ላይ ማስተካከያ ቦታ አለ፤ ሠርክአዲስና አብዱሰመድ ተጋግዘው አስተካከሉት። መልሰው ሰቀሉ፤ አሥር። ሁለቱን ሰቀሉ፤ ሃያ። ቀኝና ግራ ተስማሙ።

አብዱሰመድ ግን አልተደሰተም። ሣጥን ላይ ተቀምጦ ብረቱን ትክ ብሎ ያያል። «የሸጠልኝ ልጅ ክንፈሚካኤል ይባላል፤ የደምበጫ ልጅ ነው» አለ። «ለምን ትሸጠዋለህ ስለው፣ ግራ እግሬ ለዚህ ስፖርት አልተፈጠረም፣ መሣሪያው ነግሮኛል፤ ትቼዋለሁ ነበር ያለኝ።»

አያ ቢሆነኝ ወደሱ ዞሩ። «ደውልለት።»

«አሁን?»

«አሁን! ልጁ በሐሰት ምስክር ተፈርዶበት ተቀምጦ እኛ ዋጋ እንከራከር?»

ተደወለ። የባጃጅ ሞተር ድምፅ ከወዲያ ይሰማል፤ ልጁ አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው እንደ እረኛ ጮኹበት። «አንተ ልጅ! አታውቀኝም። እግርህ ደህና ነው። የዋሸህ እርካቡ ነው!»

ሞተሩ ጠፋ።

«በምን አወቃችሁ?»

«በአሥር ኪሎ ብረት። አንተ ስትገዛው አልመዘንኸውም?»

«ከትልቅ ሰው ነበር የገዛሁት» አለ ልጁ፤ ድምፁ ተሰበረ። «አፈርሁ።»

ማንም ማንንም አላየም። በዚያ ሱቅ ውስጥ እኔ ከዚያ በላይ የምናገረው ስብከት አልነበረኝም።

ዋጋው ያለ ብዙ ክርክር ተቈረጠ፤ አብዱሰመድ ራሱ ቀነሰ። አያ ቢሆነኝ ግን ቋጠሮውን ሳይፈቱ፣ «ዋስ ጥራ» አሉት፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው። የእህል መደብሩ ባለቤት መጥቶ፣ እስከ ምርጫው ውድድር ድረስ ፔዳሉ ቢያብል አብዱሰመድ እንዲመልስ ዋስ ሆነ። አብዱሰመድም ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት የሚዛን ብረት ገዝቶ ከሱቁ በር አስቀምጧል፤ ገዥ ሳይጠይቀው ያገለገለውን ዕቃ ፈትኖ ይሸጣል። ገበያው እንደደራለት ይናገራል። እኔም አምነዋለሁ፤ ሰው የሚፈተን ዕቃ ወዳለበት ይሄዳልና።

ሠርክአዲስ በዚያ ወር ቍጥሩ ሲወርድ ከመንገድ መሐል እየተመለሰች ስትገባ፣ «ልጅቱ ሰነፈች» ብለው ያሟት ነበሩ። አባቷ ለእያንዳንዱ፣ «ቀንበር ፈታች እንጅ አልሰነፈችም» እያሉ መለሱ። በምርጫው ቀን ጉልበቷ አላበጠም። ዳገቱን የጨረሰችው ከፊተኞቹ ጋር ነው፤ ክለቡም ወሰዳት። ክንፈሚካኤል ብስክሌቱን ሸጦት ስለነበር አልተወዳደረም። ይህን የምጽፈው አንባቢ እንዲያዝን አይደለም፤ እንዲቈጣ ነው። አንድ ወጣት፣ አንድ ብረት ለማንጠልጠል የሚበቃ ድፍረት በማጣት የራሱን እግር ካደ። ያልተለካ ጉልበት ይባክናል፤ ያልተፈተነ መለኪያ ደግሞ ካለመለካት ይብሳል። ሁለቱንም የሚያስቀረው ያለ እፍረት መጠየቅ ነው፤ እሱም ገንዘብ አይፈጅም።

በሰኔ አያ ቢሆነኝን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ። ከጎተራው ሥር ሚዛን ቆሞ አየሁ። በመከር ጊዜ ጸሎታቸውን አድርሰው ምርታቸውን መዝነው አስገብተው ነበር፤ በዘር ጊዜ ደግሞ የቀረውን ሲመዝኑ ከበሉት በላይ ብዙ ጎድሎ አገኙት። ጎተራውን ቢያነሡት መሬቱ በጉድጓድ ተበሳስቷል። አሁን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው፣ ሥሩን መርገው ሠርተውታል።

«እንግዲህ ለኩ» አልኋቸው። «በረከቱስ ተነሣ?»

ሽማግሌው ጎተራውን መታ መታ አደረጉት።

«በረከቱ እንዳለ ነው፣ መምህር። የተነሡት አይጦቹ ናቸው።»