ስምንት ሚሊዮን ነጥብ

መሰላሉን እዚያ ጥግ አስደግፈውና አረፍ በል፣ ወንድሜ። በዚህ ፀሐይ ጣሪያ ላይ የዋለ ዲሽ ሰሪ ከምንም በፊት ውሃ ነው የሚሰጠው። እንካ፣ ጠጣ። እኔ እንኳ እዚህ እንግዳ ነኝ፤ ከገጠር የመጣሁት ሰሞኑን ነው። የእህቴ ቤት ነው። እሷ ውጪ ናት፣ ግቢው ውስጥ በርጩማዋ ላይ። ይሄ ሶፋው ላይ ሪሞት ይዞ የተቀመጠው ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው። አንተንም የጠራህ እሱ ነው። ጎበዝ ልጅ! ...አይ፣ አንተ ሪሞትህን ያዝ የእህቴ ልጅ፣ ጨዋታዬ ከባለሙያው ጋር ነው።

እና ሐሙስ የሚመጣው ስክሪን ከዚህም ይበልጣል አልከኝ? ከዚህም በላይ ይጠራል? ኧረ ተው! እኔ ይሄም በዝቶብኛል። ትናንት ኳስ ሳይ የአጥቂው ላብ ምንጣፉ ላይ ሊንጠባጠብ ሲል፣ መወልወያ ይዤ ነው የተነሳሁት። ዜና አንባቢው ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ገባ፣ የአየር ጠባዩ ላይ ሲደርስ ጢሙ አቀምቅሞ አየሁት። አበባ ላይ ያረፈች ዝንብ ሽፋሽፍቷን ስታርገበግብብኝ አፍሬ ዞር አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዝንብ ጋር ስኖር ሽፋሽፍት እንዳላት ማን ነግሮኝ!

ይሄን ሳይ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አታውቀውም፣ ሩቅ ነው። እዚህ ቤት የሚያውቀው የለም። እናቱን የሚወድ ሰው ነው። እናቱን ይወዳል ስልህ በአፍ ብቻ መሰለህ? በካርቶን ነው! ፍቅሩን የጭነት መኪና ነው የሚያመላልሰው።

እናትየው አንድ ቀን «ልጄ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ጭጋግ ይዞታል» አለችው። ሌላ ልጅ ቢሆን ምን ይላል? «ነገ ይሻለዋል» ብሎ ይተኛል። እሱ ግን ያኔውኑ ተነስቶ፣ በር የማያስገባው ስክሪን አመጣላት። መቃኑን ነቅለው ነው ያስገቡት አሉ። «አሁንስ እማዬ፣ ጠራልሽ?» «ጭጋጉ አለ ልጄ።» ሪሲቨሩን ቀየረ። «አሁንስ?» «እንደ ጭስ ነው የሚያደርገው።» ኬብሉን ቀየረ። ከተራው ፓኬጅ ወደ ኤችዲ፣ ከኤችዲው ደግሞ ወደዚያ... ምን ነበር የምትሉት... ወደ ፎርኬ አሳደገው። አየህልኝ ትዕግሥቱን? ያንን ጭጋግ ከሳተላይቱ ጀምሮ እስከ ሶኬቱ ድረስ እግር በእግር ተከታትሎ ፈለገው። አንዲት ቦታ ብቻ ናት ያመለጠችው። ...እሷን ተዋት። ሰው ሁሉን ቦታ ማየት ይችላል እንዴ?

ቀጥሎ ዲሽ ሰሪው... አንተን አይደለም፣ የዚያ ቤቱን ነው... «ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ሲግናሉን ጋርዶታል» አለው። ዛፉን እናትየው ናት የተከለችው፣ ያንኑ ልጇን በጀርባዋ አዝላ። ቀትር ላይ ሥሩ ትቀመጣለች። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆርጦ ጣለዋ! ቆራጥ ሰው ነው ስልህ። እሷ ግን እስካሁን ቀትር ሲሆን በርጩማዋን ይዛ፣ በእጇ እየዳሰሰች ሄዳ ጉቶው አጠገብ ቁጭ ትላለች። «ዘንድሮ ይሄ ዛፍ ምን ነካው? ቅጠሉን ቶሎ አረገፈ» ትላለች። የነገራት የለም። ለምን ይነገራታል? ሲግናሉ ተስተካክሏል እኮ! ...በመስኮት ምን ታያለህ ወንድሜ? ጉቶ የሌለበት ግቢ የት አለ ብለህ ነው። ውሃህን ጠጣ።

እሷም ደግሞ አመል አላት። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበር የምታየው። ልጁ ተቆጣት፣ በፍቅር ነው ታዲያ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ጥራት ነው፤ ራቅ ተብሎ ነው የሚታየው!» ብሎ፣ ሜትር አውጥቶ ለካና ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፈ፣ ወንበሯንም እዚያው ላይ አስቀመጠላት። ...እስቲ እግርህን አንሳ፣ ምንድን ነው የረገጥከው? ፕላስተር ነው? እንጃ፣ ልጆች ሲጫወቱ ለጥፈውት ይሆናል። እዚህ ቤት ልጅ ባይኖርም።

ሻጩ «ይሄ ስክሪን ስምንት ሚሊዮን ነጥብ አለው» ብሎት ነበር። እሱም ለጎረቤት ሁሉ፣ ለአክስቱም ለአጎቱም ነገረ። ስምንት ሚሊዮን! ማን ቆጠራቸው አትለኝም? እኔም አልጠየቅኩም። ብቻ እናትየው አንድ ቀን «ጠራልሽ?» ሲላት «ጠራልኝ ልጄ፣ ተባረክ» አለችው። ያን ዕለት ደስታውን ብታየው!

ታዲያ አንድ ወንድም አላት፣ እንደ እኔ ቀልድ የማያልቅበት። ሊጠይቃት መጣና አጅሬ የሶፋውን ብርድ ልብስ ብድግ አድርጎ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሸፈነው። «እህቴ፣ ምን እያየሽ ነው?» አላት። «ድራማ ነው። ዛሬስ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል» አለችው... ብርድ ልብሱን እያየች። ወንድምየው ሊስቅ አፉን ከፈተና እንደከፈተው ቀረ። ቁጭ ብሎ እጇን ቢይዛት ምን አለችው መሰለህ? «አልጠራም ካልኩት ሌላ ይገዛል። ልጄ ደከመ።»

አገጯን ቀና አድርጎ ወደ መስኮቱ አዞራት። ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር አለ። ሞራ። ከስምንት ሚሊዮኑ ነጥብ አንዷ ጠፍታ ነበር ለካ፣ እናቱ ዓይን ላይ ተገኘች። ያቺን ለማየት ደግሞ ፓኬጅም ዲሽም አያስፈልግም። ፊት ለፊቷ መቀመጥ ብቻ ነው።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። «የግራው ዘግይቷል፤ የቀኙ ግን ቶሎ ሞራው ከተነሳ ይድናል። ሐሙስ ጠዋት አምጧት» አለ ሐኪሙ። እሷ ግን «ልጄ እጄን ካልያዘኝ አልገባም» ብላ ድርቅ አለች። ደግሞ እውነቷን ነው፤ ወንድሟ እንደሆነ ሁለት ዓይን ይዞ መንገድ የሚጠፋው ሰው ነው። ስለዚህ ለልጁ ተነገረው። ልጁ ምን አለ? «ሐሙስ አይመቸኝም። ሐሙስ ትልቁ ስክሪን ይመጣል፣ ቆሜ ማስገጠም አለብኝ። እሱ ከመጣ ጭጋጉ ይለቃታል።» ...አየህልኝ? ሌላው ቢሆን ትልቁን ስክሪን ትቶ ከእናቱ ጋር ይሄድ ነበር። ይሄ ግን ስለ እናቱ ብሎ ከእናቱ ይቀራል!

አይዞህ የእህቴ ልጅ፣ ምነው ላብ በላብ ሆንክ? ሪሞቱም ወደቀብህ። እኔ እኮ ስለ ሩቅ ሰው ነው የማወራው። በጥራት ስለምታይ ቀረብ አለብህ መሰለኝ።

እሺ ወንድሜ፣ መሰርሰሪያህን አንሳና የሐሙሱን ስክሪን መስቀያ ብሳ። ...ቆይ፣ ሰማህ? እህቴ ከጉቶዋ አጠገብ ሆና «ጠራላችሁ?» እያለች ነው። አንተ ዝም በል፣ የሚመልስላት አላት።

እኔ ግን ያንን ሰው ሳልመርቀው አልነሳም። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። የእናቱ ዕድሜ ላይ ያድርሰው። ቁርጥ እሱን የመሰሉ ልጆች ይስጠው። እሱ ለእናቱ ያደረገላትን ሁሉ፣ አንዲት ሳያጎድሉ ያድርጉለት። ጭጋግ ባየ ቁጥር ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ያምጡለት፣ ወንበሩን ፕላስተሩ ላይ ያመቻቹለት፣ በር ላይ ቆመውም «አባዬ፣ ጠራልህ?» ይበሉት። እሱም እንደ እናቱ ጨዋ ይሁንና «ጠራልኝ ልጆቼ፣ ተባረኩ» ይበላቸው... ብርድ ልብሱን እያየ።

አሜን በል እንጂ የእህቴ ልጅ! ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ ምርቃት እኮ ነው።