ጭጭ የሚለው ሬዲዮ

ከቴፒ ወደ ሚዛን ስንመጣ አንዲት እናት ላንድሮቨሩ ውስጥ አጠገባቸው ሬዲዮ ጠጋኝ መቀመጡን ሲሰሙ አልለቅ አሉት።

«አምስት ደቂቃ ይናገርና ጭጭ ይላል፣ ልጄ።»

«ከዚያስ እማማ?»

«ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይለፈልፋል።»

«የባትሪ ድንጋዩን ቀይረውለታል?»

«ድንጋይ ከየት ይመጣል? ያለቀውን ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ነው የከረምኩት። አሁን ወንድሜ የመኪና ባትሪ አገናኘልኝ። ድምፁማ መንደሩን አናወጠው!»

«በአራት ድንጋይ ለሚሠራ ሬዲዮ? ላንድሮቨር ሊያስነሡበት ነው እንዴ? ጉልበቱ እኮ እጥፍ ነው፤ እያቃጠሉት ነው። ዛሬውኑ ይንቀሉት።»

«እነቅለዋለሁ። ግን እሑድ የወታደሮቹን ሰላምታ ሲያነብ፣ ‹ሚዛን ተፈሪ ለምትኖረው እናቴ፣ ለወይዘሮ› አለና እልም! የማንን ስም እንደ ጠራ እንጃ። ልጄ ጦር ግንባር ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ደብዳቤ አልመጣልኝም።»



«ያምጡልኝ፣ እጠግንልዎታለሁ።»

«ስትጠግነው ያቋረጠውን ይነግረኛል?»

«ሬዲዮ ያለፈውን አይደግምም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠግንልኝ?»

ያን እሑድ እኛ ቤት ሬዲዮው ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አንብቦ ነበር፤ እኔ ግን ከተጠሩት ስሞች አንዱን እንኳ ማስታወስ አቃተኝ።