የሰው ሰሞን የሚቀድሱት ቄስ አበጀ

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ቄስ አበጀን ከባለቤታቸው ከካሣነሽ ጋር ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ሳገኛቸው፣ ጤና ይስጥልኝ ከማለቴ በፊት ንዴቴ ቀደመኝ። እኔ የደም ምርመራ ባለሙያ ነኝ፤ እሳቸው የአንጀት ካንሰር ታማሚ ናቸው። የሚውጡት መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ የሚለይበትን ደም እንዲሰጡ ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቱንም ቀርተዋል።

«ሰሞነኛ ነበርኩ፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ደሙ የፈሰሰ ቄስ መቅደስ አይገባም።»

ሥርዓቱን አከብራለሁ። ግን አንድ የቅዳሴ ሰሞን ሳምንት ነው፤ እሳቸው የቀሩት ሁለት ወር ነው። ይህንኑ ብላቸው ክርክሩን ወደ ምርመራው ወሰዱት። ደሙ በማግኔት እንደሚመረመር ሰምተው ኖሮ፣ ካንሰር ሥጋ እንጂ ብረት አይደለም፣ ማግኔት ሥጋ ስቦ ያውቃል ወይ ብለው ሞገቱኝ። ጥያቄው የብልህ ሰው ጥያቄ ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው።

«አባ፣ ጭጎጎት ጋቢዎ ላይ ይጣበቃል፤ እጅዎ ላይ ግን አይጣበቅም። እኛም በብልቃጥ የተቀዳው ደም ውስጥ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ እንጨምራለን። ብናኙ ላይ የተቀባው ነገር ከአንጀት ወደ ደም የገባውን የካንሰር ሕዋስ ይይዛል፤ ጤነኛውን ያልፈዋል። ማግኔት ስናስጠጋ ብረቱ የያዘውን ይዞ ይመጣል፤ እንቆጥረዋለን። ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ካልቀነሰ ይቀየራል።»

«መልካም። ሰሞኔን ልጨርስና እሄዳለሁ።»

ካሣነሽን ይህን ጊዜ አላስቻላቸውም። «ሰሞኑ የሳቸው አይደለም፤ የባልደረባቸው የቄስ ደምሌ ነው። ለምነው ነው የወሰዱት። ያለፈውንም የሰው ነው የቀደሱት።»

ስሟገት የቆየሁት ለካ ከሥርዓቱ ጋር ሳይሆን ከፍርሃታቸው ጋር ነው። ቄሱ መሬት መሬት እያዩ «ብትቆጥሩትና ቢበዛስ?» አሉ።

«ሳይቆጠርም እዚያው አለ፣ አባ! የማይሠራ መድኃኒት እየዋጡ የሚያልቀው የርስዎ ዕድሜ ነው።» በሽማግሌ ላይ እንዲያ መጮኼን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

በማግስቱ ቄስ ደምሌ ሰሞናቸውን መልሰው ተረከቡ፤ ደሙም ተቀዳ። ቁጥሩ እንደፈሩት ብዙ ነበር፤ መድኃኒቱ ተቀየረ። ኅዳር ላይ ሲቆጠር ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። ድነዋል አልልም። ነገር ግን አንዲት ብልቃጥ ደም ሆዳቸውን በከንቱ ከሚያቃጥል መድኃኒት ገላግላ ወደሚረዳቸው አሻግራቸዋለች። ቀድመው ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ባተረፉ ነበር።

አሁን ቀጠሮ የሚያሳልፍ ምእመን ሲያገኙ ከኔ ብሰው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

«ለቅዳሴው ቄስ ደምሌ ይተኩኛል» ይላሉ፤ «ለካሣነሽ ግን የሚተካኝ የለም።»