ኮት የሌለው አይቀመጥም

በቦትስዋና፣ ከጁዋኔንግ ወደ ካንዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንዲት ግራር ሥር፣ አዛውንቱ ሴቦኒ በሸሚዝ ብቻ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ያለ ኮት ከታዩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በካንዬ ወንድ ልጅ በቤተ ዘመድ ምክር ቦታ ያለ ኮት አይቀመጥም። ፀሐዩ ድንጋይ ቢያቀልጥም ኮት ኮት ነው። ይህን ደንብ እንደ ሴቦኒ የሚያጠብቅ የለም፤ አምና የገዛ ወንድማቸውን ልጅ «በሹራብ መጣህ» ብለው ከሰርግ ምክር አስነስተው አባረውታል።

አንዲት ነጭ ፒክአፕ አልፋቸው ሄደችና ቆመች፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመለሰች። ነጂዋ ዲኔዎ ነበረች። የሟች እህታቸው የልጅ ልጅ ስትሆን ታሪክ አስተማሪ ናት። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት ይመጣሉ።

«አባባ! ኮትዎስ?»

«ጥጃ ለብሶታል» አሉ ሴቦኒ፣ በማያፍር ድምፅ ሊናገሩት እየሞከሩ። «ከብት ማርቢያው ጋ አንዲት ላም ወለደች። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ጥጃው ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም፤ ጠቀለልኩት። ጠዋት ሳየው ኮቱ ኮት መሆኑ ቀርቷል።»

ዲኔዎ በሳቅ መሪው ላይ ተደፋች። «የማን ጥጃ ነው?»

«ላሟ የጎረቤት ናት። ኮርማው የማን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ!»

«አባቱን እንኳ ሳይጠይቁ ኮትዎን አለበሱት?»

«ለበረደው ፍጡር ዘር እቆጥራለሁ እንዴ?» ካሉ በኋላ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባቸውና ፊታቸውን አጨፈገጉ። ጆንያቸውን ጭነው ገቡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዲኔዎን ገና በሕፃንነቷ፣ እናቷ ስትሞት፣ ተቀብሎ ያሳደጋት የእናቷ ወንድም ሞቱሲ ነው። በአገሩ ልማድ ለጋብቻ ጠያቂዎች መልስ የሚሰጠውም የእናት ወንድም ነው። ሞቱሲ ግን ሚስት የለውም። የሚኖረው ከክላረንስ ጋር ነው፤ ክላረንስ ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርቤዶስ መጥቶ እንጨት ሥራ የሚያስተምር ጥቁር ሰው ነው። ሁለቱ እንደሚዋደዱና ቤታቸው አንድ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የቤተ ዘመዱ ታላቅ ሴቦኒ ደግሞ ባለፈው ሳምንት «ሞቱሲ በምክሩ እንዳይቀመጥ» ብለው ልከዋል።

«መልእክቴ ደርሶሻል» አሉ ሴቦኒ መንገድ መንገዱን እያዩ።

«ደርሶኛል። አባባ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ በብርድ ልብስ አዝሎኝ ሐኪም ቤት የሮጠ እሱ ነው። ጸጉሬን መሥራት ከሴቶች የተማረ እሱ ነው፤ ደግሞ ሲሠራ ያሳምም ነበር። ነገ ሰዎቹ ‹አንድ ቅል ውኃ ልንለምን መጣን› ብለው ሲጠይቁኝ እሱ ከአጥር ውጭ ለድግሱ የተቀቀለ ሥጋ ሊወቅጥ ነው? እንዲያ ከሆነ ባዶ ቅላቸውን ይዘው ይመለሱ።»

ሴቦኒ ደነገጡ። ልጅቱ የተናገረችውን የምታደርግ ናት።

«ትዳር የሌለው በትዳር ጉዳይ አይቀመጥም። ይሄ ደንብ ነው። ደግሞ ይሄ ወንድ ከወንድ የሚሉት ነገር የኛ አይደለም። ነጭ ያመጣብን ነው።»

«ነጭ ያመጣውን ሁሉ እንተው ካሉኝ እስማማለሁ። ከኮቱ እንጀምራ!»

«ኮት ያባቶቻችን ነው!»

«የአያትዎ አባት ምን ነበር የሚለብሱት?»

«የቀበሮ ቆዳ ካባ» አሉ፣ ካፋቸው ተጎትቶ እንደወጣ ሁሉ።

«እሺ፣ እናቶቻችን ነገ የሚለብሱት ሰማያዊ ቀሚስስ? በመርከብ የመጣ ጨርቅ ነው። የሚደርቡት ብርድ ልብስ የፋብሪካ ነው። ያለ እሱ ግን ሴት አትቀመጥም። ጨርቁን ከባሕር ማዶ ተቀብለን የእናት ልብስ አደረግነው። ግቢያችን ውስጥ እትብቱ የተቀበረውን ሞቱሲን ባዕድ አልነው። ይሄ ፍርድ ነው፣ አባባ?»

አዛውንቱ መሸነፍ አልወደዱም። «ሕግስ ከልክሎት አልነበረም?»

«ማን የጻፈው ሕግ? እንግሊዝ አገራችንን ሲይዝ ይዞት የመጣ ነዋ! የክላረንስ ደሴት ላይም ያንኑ ጽፏል። ቅድመ አያቶቹን በሰንሰለት አስረው ወስደው ሸንኮራ አስቆረጧቸው፤ ያ አልበቃ ብሎ ማንን መውደድ እንዳለባቸውም አዘዙላቸው። ጥቁርን ሰው አድርጎ የማይቆጥር ሰው የጻፈውን ነው እኛ ዛሬ ባህላችን ብለን ዘብ የቆምንለት። የኛ ዳኞች ሰርዘውታል፤ የነሱም ሰርዘውታል። ያልሰረዝነው እኛ በልባችን ነው።»

«ከነጭ በፊት ነበረ ልትይኝ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ማርቢያው ላይ ያደጉት እርስዎ። አላዩም?»

«አላየሁም!» አሉ ቶሎ ብለው። ቶሎ ያሉት ግን ስላዩ ነው። ቲሮና ማሩፒንግ የሚባሉ ሁለት ሽማግሌ እረኞች ትዝ አሏቸው። አንድ ጎጆ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ እሳት ነበራቸው፤ ሚስት አልነበራቸውም። ማንም ምንም አይላቸውም ነበር። ከብት ሲታረድ የሴቦኒ አያት ሥጋውን በየቤቱ ሲያከፋፍሉ ለሁለቱ የሚልኩት ምን ነበር?

«የአንድ ቤት ድርሻ» አሉ ሳያውቁት ጮክ ብለው።

«ምን አሉኝ?»

«መንገዱን እዪ አልኩ!»

ካንዬ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሱቆቹም ተዘግተዋል። የቤተ ዘመዱን ኮት ሁሉ ሞከሩ። ሴቦኒ ትከሻቸው ሰፊ ስለሆነ አንዱም አልበቃቸውም። ያን ትከሻ የሚያህል ትከሻ በሰፈሩ ያለው አንድ ሰው ነው። ዲኔዎ ማንንም ሳታማክር ፒክአፗን ሞቱሲ በር ላይ አቆመች።

ክላረንስ እጁን እየጠራረገ ወጣ። «እንደምን ዋሉ አባታችን» አለ፣ የደሴቱ ዜማ ባልለቀቀው የሴትስዋና ቋንቋ። የተፈለገው ሲነገረው የራሱን ጥቁር ኮት ይዞ መጣ። ኮቱ ልክክ አለ። ሴቦኒ ቢከፋቸውም ደስ አላቸው።

ሞቱሲ የኮመጠጠ የማሽላ ገንፎ አቀረበ፤ እንግዳ ሳይበላ አይሄድምና ተቀመጡ። ሴቦኒ ዙሪያውን ቃኙ። ግድግዳው ላይ የዲኔዎ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ በሩ ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«ባገርህም ያለ ኮት አይቀመጡም?» አሉ ክላረንስን።

«ቤተ ክርስቲያን አያስገቡም። ሙቀቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።»

«እናንተንም አሞኝተዋችኋል!» አሉና ሳቁ፤ ክላረንስም ሳቀ። ሁለቱም አንድ እንግሊዛዊ ያታለላቸው ገበያተኞች መሰሉ።

«እንግሊዝ አገር ስኖር ‹ወደ አፍሪካህ ተመለስ› አሉኝ፤ ተመለስኩ» አለ ክላረንስ። «እዚህ ደግሞ ‹መጤ› አሉኝ። ከየት መጣህ ሳይለኝ ሾርባ ያቀረበልኝ ሞቱሲ ነው።»

ሞቱሲ ወደ ሴቦኒ ዞረ። «አጎቴ፣ ስለ ነገው አይጨነቁ። እኔ ከውጭ ብሆን አይከፋኝም። ብቻ ልጅቷ ጭቅጭቅ ሳይነሳባት ትዳሯን ትያዝ።»

ሴቦኒ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ይህ የአባት ንግግር ነው። ሚስት ያላቸው፣ ኮታቸውን የቆለፉ፣ ልጆቻቸው የት እንዳደሩ የማያውቁ ስንት ሰዎች በምክር ሲቀመጡ አይተዋል! አፈሩም። «ገንፎው ጨው አንሶታል» ብለው ተነሡ።

ጎህ ሲቀድ የሙሽራው ሽማግሌዎች መጡ። ወንዶቹ ኮት፣ ሴቶቹ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ነበር። «አንድ ቅል ውኃ ልንለምን መጣን» አሉ።

«የሚመልስላችሁ የእናቷ ወንድም ነው» አሉ ሴቦኒና ከጎናቸው የነበረውን ወንበር፣ ኮቱን ለብሶ አጥሩ በር ላይ ለቆመው ለሞቱሲ ሳቡለት።

ከመጡት አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ይሄ ሰው ትዳር አለው?»

ሴቦኒ ኮታቸውን ቀና አደረጉ።

«ቤት አለው። ትናንት እዚያ ቤት በልቻለሁ። ይህች የጠየቃችኋት ልጅ እዚያ ቤት አድጋለች። ይሄ የለበስኩት ኮት ከዚያ ቤት ነው። አያቴ ሥጋ ሲያከፋፍሉ ለእንዲህ ያለው ቤት የአንድ ቤት ድርሻ ይልኩ ነበር፤ እኔ ከአያቴ አልበልጥም። ቤቱ ካልጣማችሁ ቅላችሁ ባዶውን ይመለሳል።»

ሰውየው ዲኔዎን አሳድጎ ያስተማራት ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ቅሉን ለሞቱሲ ዘረጋ። ሞቱሲ ቅሉን ተቀብሎ የእሺታውን መልስ ሰጠ። ልጅቱ ምን እንደምትወድ፣ በምን እንደምትቆጣ፣ መኪና መንዳት እንደማትተው ነገራቸው። ከዘመዱ ሁሉ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ዘመዱ ምን እንዳተረፈ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ምክር የሚያውቅ ሰው ከአጥር ውጭ መቆሙ ቀረ፤ ልጆች በሚወዱት ሰው ማፈር ቀረላቸው፤ ለመደበቅ የሚባክነው ጉልበት ለመረዳዳት ዋለ። ደንቡም አልፈረሰም። እንዲያውም የገዛ ሰውን ማክበር ስለተጨመረበት የበለጠ ያገሬው ደንብ ሆነ።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ክላረንስ፣ ሥጋ ሲወቅጥ ቆይቶ፣ ኮቱን ሊቀበል ወደ ሴቦኒ መጣ። አዛውንቱ ግን ቁልፉን አጥብቀው ያዙት።

«ይሄ የኔ ሆኗል። አንተ ሌላ አሰፋ» አሉት።

«እኔ ኮት ምን ያደርግልኛል፣ አባታችን? ሥራዬ ድስቱ ጋ ነው።»

«ለሰርጉ ቀን ወንበርህ ከሞቱሲ ጎን ነው» አሉ ሴቦኒ። «ኮት የሌለው ደግሞ አይቀመጥም!»