ያልተለሰነው ግድግዳ

ግማሽ ጆንያ ኖራ ተሸክሜ የማደሪያውን ደረጃ ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ከሽማግሌው አናጺ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጆንያዬን አዩና መንገዱን ዘጉብኝ።

እዚህ የምንኖር ሁላችን ከወንዙ ማዶ የተፈናቀልን ነን። ማዶኞቹ «ከእንግዲህ የራሳችን አገር ነን» ብለው ከተገነጠሉና እኛን በዘራችን ለይተው ካባረሩን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ከዚያ በፊት የእኛ ወታደር በእነሱ ላይ ምን እንደሠራ የሚያወራ እዚህ ፎቅ ላይ አይገኝም፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። ድርድሩ ይጀመራል፣ ይቋረጣል። እኛም አንድ ፋብሪካ ወደተወው የሠራተኞች ማደሪያ «ለጥቂት ሳምንት» ብለን ገባን፤ እንደገባን ቀረን። ከዚያ ወዲህ ያልተጻፈ ሕግ አለን፦ ምስማር አይመታም፣ ግድግዳ አይለሰንም፣ የተሰበረ መስኮት አይቀየርም። የጠገነ ሰው መመለሱን ተስፋ ቆርጧል ይባላል። የዚህ ሕግ ዋና ጠባቂ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ አናጺው ናቸው።

«ወዴት ነው በኖራ?» አሉኝ።

«ወደ እርስዎ ቤት፣ አባባ። ምራትዎ ጠርታኝ ነው።»

«እኔን ሳታማክር?»

«መልሱን ስለምታውቀው ነዋ!»

ሊስቁ ፈልገው ተቆጡ። በአፌ የታወቅሁ ነኝ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ልስንና ቀለሙን በዓይኔ፣ ንባቡን ሰው ከጣለው መጽሐፍ ተማርኩ። ማንም ስላላስተማረኝ ማንንም አላፍርም።

እያጉረመረሙ ተከትለውኝ ገቡ። ከሕፃኗ አልጋ በላይ ያለው ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሯል። የልጅ ልጃቸው ገና የስምንት ወር ናት፤ ስትተነፍስ ደረቷ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሐኪሙም ለእናትየው «ግድግዳው ካልደረቀ ሦስተኛው ያሰጋኛል» ብሏታል።

«ልጄ፣ እኔ ጨካኝ አይደለሁም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ዛሬ ለስነን፣ ቀለም ቀብተን ብንቀመጥ፣ ነገ ባለሥልጣን መጥቶ ‹እነዚህማ ተደላድለዋል› ብሎ ጉዳያችንን ይዘጋዋል። ይህ ግድግዳ ምስክራችን ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲመሰክር ማን ሰማው? ተደራዳሪዎቹ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ሻጋታ አይሸታቸውም። የሰማችው ይህች ልጅ ብቻ ናት። በሕፃን ደረት ላይ አቤቱታ ይጻፋል፣ አባባ?»

«አፍሽ ምላጭ ነው!»

«የሚያደማው የዶለዶመው ነው።»

ምራታቸው ሕፃኗን እንዳቀፈች «አባባ...» ብላ ጀመረች፤ የልጅቷ ሳል አቋረጣት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ጊዜ አዘንኩላቸው። ማዶ በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት አላቸው፤ ዛሬ የማያውቁት ማዶኛ ይኖርበታል። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አባባ፣ ያ ቤትዎ ውስጥ ያለው ሰውዬ፣ ጣራው ቢያፈስ ምን ቢያደርግ ይወዳሉ?»

«ይጠግነው እንጂ! የጓዳው ጥግ ላይ ውሃ ይቋጥራል። በየዓመቱ ካልታየ የጣራው ወራጅ እንጨት ይበሰብሳል።»

«ቢጠግነው ታዲያ ቤቱ የእሱ ይሆናል?»

«ምን ሲደረግ! መቶ ጊዜ ቢጠግነው የእኔ ነው!»

«እንግዲያው ጥገና የሰው ቤት አያስወርስም፣ የራስንም አያስነጥቅም። ለዚያ ሰውዬ የፈቀዱለትን ለልጅ ልጅዎ ለምን ይከለክሏታል?»

«በዚያ ጥግ ነበር ልጄን የማስተኛው» አሉ። «ያ ሰውዬም ልጅ ይኖረው ይሆናል።»

ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ።

«ኖራውን ወዲህ በይ። ቆይ፣ በሻጋታ ላይ ልትለስኚ ነበር? መጀመሪያ እስከ ጡቡ ይፋቃል! መስኮቱም ካልተከፈተ በወሩ ይመለሳል። ማነው ሥራ ያስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል!»

ግድግዳው እስኪደርቅ ሕፃኗ ጎረቤት አደረች። ክረምቱ እስኪያልፍ ሐኪም ቤት አልተመለሰችም። ሌሎችም በሮች ጠሩን፤ ሽማግሌው መስኮት ሲገጥሙ እኔ ስለስን፣ ስንጨቃጨቅ ሁለት ፎቅ ጨረስን። በየክፍሉ ሳል ቀነሰ፣ ልጆች ከትምህርት መቅረት ተዉ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻንጣ ላይ ይበላ የነበረ ቤተሰብ ጠረጴዛ አሠራ።

የፈሩት ባለሥልጣንም አልቀረ፣ መጣ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳስሶ «ተመችቷችኋላ! አሁንም መመለስ ትፈልጋላችሁ ብዬ ልጻፍ?» አለ።

ሽማግሌው የማዶ ቤታቸውን ካርታ አወጡለት።

«ጻፍ» አሉት። «ድሮ እኔ ብቻ ነበርኩ የምጠይቅህ። እኔ ብሞት የምትጠይቅህ የልጅ ልጄ ናት፤ ደረቷ ደህና ነው።»

ድርድሩ ዛሬም አላለቀም። የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ማዶም ያላችሁ ወዲህም ያላችሁ፣ ምክሬ አጭር ነው፦ እስኪፈረድላችሁ ድረስ የምትተኙበትን ቤት ጠግኑ። የሚመለስ ሰው ካልተረፈ፣ ፍርዱ መሬቱን አስመልሶ ለማን ሊሰጥ ነው?